ሥርዓቱ ከታደሰ በኋላ መላልሶ ስለሚጠፋ ኮምፒዩተር
በደሴና በኮምቦልቻ ሁኔታ መሠረት የቀረበ የምርመራ ዘዴ

የጥናቱ ምክንያት

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነበት በኋላ መላልሶ መጥፋት ሲጀምር፣ የሚሰጠው ፍርድ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ባለቤቱ «አፕግሬዱ አበላሸው» ይላል፤ ጠጋኙም በበኩሉ ብዙ ሳይመረምር «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ፎርማት ተደርጎ ሁለት ቀን ደኅና ከሰነበተ በኋላ በሦስተኛው ቀን እንደ ገና ቢጠፋ፣ ያን ጊዜ ሁለት ነገር ባንድነት ጠፍቷል ማለት ነው። አንደኛው በዲስኩ ላይ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፍና የተሰበሰበው መረጃ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የብልሽቱን ምክንያት ሊነግረን ይችል የነበረው ምስክር ነው።

ይህ ነገር በእኛ አካባቢ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ኮምፒዩተር በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ንብረታቸው ተዘርፎባቸዋል፤ ወድሞባቸዋልም። ስለዚህ ሊድን የሚችል አንድ ኮምፒዩተር ያለ ምርመራ «ሞቷል» ተብሎ ጥግ ላይ እንዳይጣል መጠንቀቅ የሁላችንም ግዴታ ነው።

ጊዜውም ይህን ጥያቄ አጥብቆ ያነሣዋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። በዚህም ምክንያት ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ወደ ዊንዶውስ 11 እንዲሸጋገሩ ግፊት አለ። ዊንዶውስ 11 ግን የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል፣ እንዲሁም በኢንቴል በኩል በአመዛኙ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ይህን የማያሟላ ኮምፒዩተር ላይ ማገጃውን አልፈው የሚጭኑ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ያለውን አጫጫን ግን ማይክሮሶፍት ራሱ አይደግፈውም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከማሻሻያው በኋላ የሆነ ነገር ሁሉ በማሻሻያው ምክንያት የሆነ አይደለም። አዲስ ሥርዓት አንዳንድ ጊዜ ራሱ ብልሽት ያመጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ ተደብቆ የነበረውን ብልሽት ይገልጠዋል። የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው በግምት ሳይሆን በሥርዓት በተደረገ ሙከራ ነው።

ማሻሻያው ምን ይለውጣል?

አንድ ኮምፒዩተር ሥርዓቱ ሲታደስ የሚለወጠው የስክሪኑ መልክ ብቻ አይደለም። ከሥር ሦስት ነገሮች ይለወጣሉ።

አንደኛ፣ ድራይቨሮቹ ይለወጣሉ። ድራይቨር ማለት ሥርዓቱ ከአንድ ዕቃ ጋር፣ ማለት ከስክሪን ካርድ፣ ከፕሪንተር፣ ከኔትወርክ ካርድና ከመሳሰሉት ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው። ብዙዎቹ ድራይቨሮች የሚሠሩት ከርነል በሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ስለ ሆነ፣ አንዱ ቢሳሳት ራሱ ብቻ አይቆምም፤ ኮምፒዩተሩን በሙሉ ያቆመዋል። ለዚህ በታሪክ የታወቀ ማስረጃ አለ። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ በቀረበ ጊዜ ከተመዘገቡት ብልሽቶች 28.8 በመቶ የሚሆኑት ከኤንቪዲያ የስክሪን ካርድ ድራይቨሮች የመጡ መሆናቸው፣ ከማይክሮሶፍት የራሱ ድርሻ ግን 17.9 በመቶ መሆኑ፣ ኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት ይፋ በወጡ ሰነዶች ታውቋል። ሕዝቡ የወቀሰው ቪስታን ነበር፤ የብልሽቱ ሰፊ ክፍል ግን አዲሱን ሥርዓት ገና ያልተለማመዱ ድራይቨሮች ያመጡት ነበር።

ሁለተኛ፣ የዕቃዎቹ አጠቃቀም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ዕትም፣ 24ኤች2 የሚባለው፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። ከዌስተርን ዲጂታል ኩባንያ የሚመጡ ኤስኤን 770 እና ኤስኤን 580 የተባሉ ባለ 2 ቴራባይት ዲስኮች፣ ለራሳቸው ሥራ ከኮምፒዩተሩ ራም ላይ ጥቂት ይዋሳሉ። የቀድሞው ዊንዶውስ የሚያበድራቸው 64 ሜጋባይት ብቻ ነበር። አዲሱ ግን ዲስኮቹ የጠየቁትን 200 ሜጋባይት በሙሉ ሰጣቸው፤ ያን ጊዜ ኮምፒዩተሮቹ መላልሰው ይጠፉ ጀመር። መድኃኒቱ የተገኘው ዊንዶውስን ደጋግሞ በመጫን አይደለም፤ ኩባንያው ለዲስኮቹ ባወጣው አዲስ ፈርምዌር ነው። እንግዲህ ጉድለቱ በዲስኩ ውስጥ ተኝቶ ኖሯል፤ ማሻሻያው ቀሰቀሰው እንጂ አልወለደውም።

ሦስተኛ፣ ሥራው ይከብዳል። አዲስ ሥርዓት ከተጫነ በኋላ ባሉት ሰዓቶችና ቀኖች ኮምፒዩተሩ ፋይሎችን ይመዘግባል፤ የጸረ ቫይረስ ፍተሻ ያካሂዳል፤ ተጨማሪ ማሻሻያዎችን ያወርዳል። ተጠቃሚው ምንም ሳይሠራ ፕሮሰሰሩና ዲስኩ ያለ ዕረፍት ይደክማሉ። ፋኑ በአቧራ የታፈነ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ያረጀ ከሆነ፣ በቀላል ሥራ ሳይታወቅ የኖረው ድካም ያን ጊዜ ይገለጣል።

በመጀመሪያ ሥራን ማዳን

ከምርመራው ሁሉ የሚቀድመው በዲስኩ ላይ ያለውን ሥራ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። ይህን የምንለው ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ማይክሮሶፍት ያወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ፣ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን የግል ፋይሎች መሰረዙ በመታወቁ ጥቂት ቀን ሳይቆይ እንዲታገድ ተደርጎ ነበር። ይህን የመሰለ ነገር በሠሪው እጅ ከደረሰ፣ በእኛ እጅ አይደርስም ማለት አይቻልም።

ኮምፒዩተሩ ለመገልበጥ የሚበቃ ጊዜ እንኳ ሳይጠፋ መቆየት ባይችል ሦስት መንገዶች አሉ። ሴፍ ሞድ በሚባለው ጥቂት ድራይቨሮች ብቻ በሚሠሩበት አነሣሥ ማስነሣት አንዱ ነው። ይህ ካልሆነ ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ በፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ ከፍላሹ ማስነሣትና ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ይቻላል። ይህም ካልተቻለ ዲስኩን ነቅሎ ከሌላ ደኅና ኮምፒዩተር ጋር ማያያዝ ይቀራል። ሆኖም ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ፣ በሊኑክስም ሆነ በሌላ ኮምፒዩተር ለመክፈት የመክፈቻ ቁጥሩ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከማሻሻያው በፊት ጽፎ ማስቀመጥ ይገባል።

ምስክር መያዝ

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ኮምፒዩተርም በሽታውን ይናገራል፤ ችግሩ የሚሰማው ሰው ማጣቱ ነው። ስለዚህ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥና በጠፋ ቁጥር አራት ነገር ይጻፍበት፤ ይኸውም በስንት ሰዓት እንደ ጠፋ፣ ያን ጊዜ ምን ይሠራ እንደ ነበር፣ በምን አኳኋን እንደ ጠፋ፣ በስክሪኑ ላይ የተጻፈ ቃል እንዳለ። ሦስት ወይም አራት ጊዜ የተመዘገበ ደብተር ከብዙ ግምት ይበልጣል።

ዊንዶውስ ከባድ ስሕተት ሲያገኘው መልእክት የሚያሳየው በሰማያዊ ስክሪን ላይ ነበር፤ በዊንዶውስ 11 ላይ ግን ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀለሙ ወደ ጥቁር ተለውጧል። መልእክቱ ሳይነበብ ኮምፒዩተሩ በራሱ ስለሚነሣ፣ በሲስተም ቅንብር ውስጥ «ስታርታፕ ኤንድ ሪከቨሪ» በሚለው ክፍል ራሱን በራሱ እንዳያስነሣ ማድረግ ይገባል። ከዚህ ሌላ ዊንዶውስ የራሱን መዝገብ ይይዛል። «ኢቨንት ቪወር» ዝርዝሩን፣ «ሪላያቢሊቲ ሞኒተር» ደግሞ ቀን በቀን የደረሰውን ያሳያሉ። በተለይም የሁለተኛው ጥቅም፣ ብልሽቱ የጀመረው በእርግጥ ከማሻሻያው በኋላ መሆን አለመሆኑን በቀን ማሳየቱ ነው። ቀድሞም በሳምንት አንድ ጊዜ ይጠፋ የነበረ ሆኖ ሳለ ባለቤቱ ያላስተዋለው ሊሆን ይችላል።

ሦስቱ የአጠፋፍ ዓይነቶች

የተመዘገበውን ስናየው የኮምፒዩተር አጠፋፍ በሦስት ይከፈላል።

ሀ) መልእክት አሳይቶ የሚጠፋ። ይህ ማለት ሥርዓቱ ስሕተቱን ለማየትና ለመናገር ጊዜ አግኝቷል ማለት ነው። የመልእክቱ ስም አቅጣጫ ይሰጣል። «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ከሆነ ሥርዓቱ የሚነሣበትን ዲስክ አላገኘውም፤ የዲስኩ ድራይቨር ወይም የባዮስ ቅንብር ይታይ። «ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር» የሚል ከሆነ የስክሪን ካርዱ ወይም ድራይቨሩ ይጠረጠር። «ሜሞሪ ማኔጅመንት» የሚል ከሆነ ራሙ ይፈተን። «ዊያ አንኮሬክተብል ኤረር» የሚለው፣ ቁጥሩ በ124 የሚጨርሰው፣ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ወደ ዕቃው፣ ማለት ወደ ፕሮሰሰር፣ ወደ ሙቀት ወይም ወደ ኀይል አቅርቦት ነው። መልእክቱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ድራይቨር ይልቅ ራም ወይም የኤሌክትሪክ ኀይል መጠርጠር ይሻላል።

ለ) ያለ መልእክት፣ መብራት እንደ ሄደበት ድንገት የሚጠፋ። እዚህ ላይ ሥርዓቱ ለመናገር ጊዜ አላገኘም። በመዝገቡ ላይ የሚገኘው «ከርነል ፓወር 41» የሚለው ብቻ ነው። የዚህ ትርጉም «ባለፈው ጊዜ በሥርዓት ሳልዘጋ ጠፍቻለሁ» ማለት ነው እንጂ የብልሽቱ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ በሽታው ስም ይቆጥሩታል፤ የሞት ማስታወቂያ እንጂ የሞት ምክንያት አለመሆኑን ልብ ይበሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ፓወር ሰፕላይ፣ ሙቀትና መስመር ይመርመሩ።

ሐ) ሳይጠፋ ድርቅ ብሎ የሚቀር፣ በተለምዶ ሃንግ አደረገ የምንለው። ማውሱ አይንቀሳቀስም፤ ድምፅ ካለም ይደጋገማል። ይህ ከዲስክ፣ ከስክሪን ካርድ ወይም ከድራይቨር ሊመጣ ስለሚችል ለመለየት የሚከተለው ሙከራ ያስፈልገዋል።

ነገሩን ለሁለት የሚከፍል ሙከራ

ከሁሉም የሚጠቅመው ጥያቄ «ብልሽቱ የዊንዶውስ ነው ወይስ የዕቃው?» የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ቀድሞ የጠቀስነውን የሊኑክስ ፍላሽ እንጠቀማለን። ዲስኩ ሳይነካ ኮምፒዩተሩ ከፍላሹ ይነሣና ለብዙ ሰዓት ሥራ ይሰጠው፤ ሥራውም ፕሮሰሰሩን የሚያደክም ይሁን፤ ዝም ብሎ ቢበራ ሙከራው ሙሉ አይሆንም። በሊኑክስም ላይ ከጠፋ፣ ዊንዶውስ በዚያ ሰዓት አልነበረምና ጥርጣሬው ወደ ዕቃው ይዞራል። በሊኑክስ ላይ ሳይጠፋ ከዋለ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ዊንዶውስ፣ ወደ ድራይቨሮቹ፣ እንዲሁም በሙከራው ያልተነካው ዲስክ ላይ ያርፋል።

ጥርጣሬው በዊንዶውስ በኩል ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በሴፍ ሞድ ይነሣ፤ በዚያ ሳይጠፋ ከቆየ በሴፍ ሞድ ከማይሠሩት ድራይቨሮችና ፕሮግራሞች አንዱ ተጠያቂ ነው። ከዚያም «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ገብቶ በቅርቡ የተለወጠውን ድራይቨር ወደ ቀድሞው መመለስ፤ ወይም ከዕቃው ሠሪ የወጣውን መጫን። ቀጥሎም ከዊንዶውስ ውጭ የተጫነ ጸረ ቫይረስ ካለ ማውጣት። በመጨረሻም የተበላሹ የሥርዓት ፋይሎችን «ሲስተም ፋይል ቼከር» በተባለው መሣሪያ መፈተሽ። ማሻሻያው ሲጫን መብራት ሄዶ ከነበረ ይህ የመጨረሻው ፍተሻ መጀመሪያ ይደረግ።

ጸረ ቫይረስን ለምን እንደምንጠረጥር ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024) ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ ፋይል፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ኮምፒዩተሮችን በዓለም ዙሪያ አቁሟል። አየር መንገዶች፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተጨናንቀዋል። ዓለም ሰማያዊውን ስክሪን አይቶ በመጀመሪያ የጠረጠረው ዊንዶውስን ነበር። ዋናው መድኃኒት ግን በሴፍ ሞድ ገብቶ ያን ፋይል መሰረዝ ሆኖ ተገኘ። ያን ዕለት ምክንያቱን ሳያውቅ ዲስኩን ፎርማት ያደረገ ሰው ቢኖር፣ አንድ ፋይል ለማውጣት ቤቱን በሙሉ አቃጥሏል ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ የማይታለፍ አንድ ሕግ አለ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ራሙንም ድራይቨሩንም ፓወር ሰፕላዩንም በአንድ ቀን ለውጠን ኮምፒዩተሩ ቢድን፣ የዳነው በየትኛው እንደ ሆነ አናውቅም፤ ደኅናውንም ዕቃ ጥለን ሊሆን ይችላል።

የአንድ ምሳሌ ምርመራ

ነገሩን ለማስረዳት ያህል አንድ ኮምፒዩተር በሐሳብ እንውሰድ። 8 ጊጋባይት ራም አለው፤ ለብዙ ዓመት ግን ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ተጭኖበት ያለ ችግር ሠርቷል። አሁን ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ተጫነበት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይጠፋል፤ መልእክቱም በየጊዜው የተለያየ ነው። ባለቤቱ «ድሮ ደኅና ነበር፤ አዲሱ ዊንዶውስ ነው» ቢል የሚታየው ነገር ሁሉ ይደግፈዋል።

ነገር ግን ባለ 32 ቢት የሆነው ተራ ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለውን ራም መጠቀም አይችልም። ስለዚህ በዚህ ኮምፒዩተር ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ራም ለዓመታት ያለ ሥራ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ባልተነካው ክፍል ውስጥ አንድ የተበላሸ ቦታ ቢኖር ማንም አያውቀውም። ባለ 64 ቢቱ ሲመጣ ራሙን በሙሉ መጠቀም ጀመረ፤ ብልሽቱም ያን ጊዜ ወጣ። የመልእክቱ መለዋወጥም በዚህ ይገባናል፤ በዚያ ቦታ ላይ ያረፈው ፕሮግራም ሁሉ በየተራው ስለሚሰናከል ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ በፍላሽ ጭኖ ሌሊቱን ማስፈተን፤ ስሕተት ካሳየ ራሞቹን አንድ በአንድ ብቻቸውን መፈተን፤ ስሕተት ያሳየውን ደግሞ በሌላ መሰኪያ ላይ መሞከር። ጠጋኞቻችን የራሙን የወርቅማ እግር በላጲስ የሚያጸዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ብልሽቱ ከራሙ ሳይሆን ከመሰኪያው ቆሻሻ ነው። በዚህ ዓይነት የተገኘ ብልሽት በአንድ ራም ለውጥ ይድናል። ፎርማት ግን አሥር ጊዜ ቢደጋገም ሊያድነው አይችልም።

ስለ አየሩና ስለ ሙቀቱ

የኮምፒዩተር መመሪያ መጽሐፍ የሚጻፈው ከእኛ በብዙ ዝቅ ባለ ምድር ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የማውጣት ኀይሉ ያነሰ ነው። በመደበኛው የአየር ስሌት መሠረት የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው በኮምቦልቻ 83 በመቶ፣ በደሴ 78 በመቶ ያህል ነው።

ይህን ወደ ኮምፒዩተሩ እንመልሰው። ፋኑ በአንድ ደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት አንድ ዓይነት ነው ብለን፣ በባሕር ጠረፍ ላይ ፕሮሰሰሩ ከክፍሉ አየር በ40 ዲግሪ ይበልጥ የሚሞቅ ቢሆን፣ ይህ ብልጫ በኮምቦልቻ ወደ 48፣ በደሴ ወደ 51 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በአንጻሩ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ የደሴ ክፍል ከኮምቦልቻው ክፍል ወደ 4 ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እንግዲህ በደሴ አየሩ በመሳሳቱ የምናጣውን 3 ዲግሪ በብርዱ እናካክሰዋለን ማለት ነው። ይህ ረቂቅ ስሌት ቢሆንም አንድ ጠቃሚ ነገር ያስረዳናል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ያን ያህል አይደለም። በሁለቱም ቦታ ግን የሳሳው አየር ሙቀት ተሸክሞ የማውጣት ኀይሉ ከባሕር ጠረፉ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ ፋኑ በአቧራ ቢታፈን ወይም በፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ፔስት ቢደርቅ የሙቀት ትርፉ ያልቃል። ስለዚህ ከማሻሻያው በፊት አቧራውን በብሎወር ማስወገድና ፔስቱን ማደስ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ስለ መብራት ኀይል

የአገራችን መስመር 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ ነው። መብራት ባይጠፋም ኀይሉ ለቅጽበት ዝቅ ሊል ይችላል። በደረጃው የተሠራ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ኀይል ሲቋረጥበት በውስጡ ባጠራቀመው ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል፣ ማለት ከሰከንድ ስድሳኛ ክፍል ለማይበልጥ ጊዜ ይቋቋማል። ያረጀው ይህን ጊዜ አይሞላም፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በዕድሜና በሙቀት ይደክማሉና። የተለመደው የምሕንድስና ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። ስለዚህ ዓምፖሉ ትንሽ ፈዘዝ ሲል ኮምፒዩተሩ የሚጠፋ ከሆነ በደብተሩ ላይ ይመዝገብ፤ ምስክሩ እርሱ ነው።

ለሙከራው ኮምፒዩተሩን ከዲቫይደር ላይ ነቅሎ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ማገናኘት፤ ቀጥሎም በደኅና ዩፒኤስ ላይ ማዋል፤ በመጨረሻም ከሌላ ኮምፒዩተር የታወቀ ደኅና ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ይገባል። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራሱን መክፈት ግን ክልክል ነው፤ ከመስመር ከተነቀለ በኋላም እንኳ በውስጡ አደገኛ ኀይል ሊቀር ይችላል።

የሁለቱ ከተሞች ቅርበት ለዚህ ሙከራ ጥሩ ዕድል ይሰጠናል። ደሴና ኮምቦልቻ በሀረጎ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው። ዩኒቨርሲቲውም በደሴ ግቢና በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። አንድ አስቸጋሪ ኮምፒዩተር ምንም ሳይለወጥበት ወደ ሌላው ከተማ ተወስዶ አንድ ሳምንት ቢሠራና በሁለቱም ቦታ በአንድ ዓይነት ቢጠፋ፣ መስመሩና ክፍሉ ከጥርጣሬ ነጻ ይወጣሉ። በአንዱ ቦታ ብቻ ቢጠፋ ደግሞ ምርመራው ከኮምፒዩተሩ ወጥቶ ወደ ሶኬቱ ይሄዳል። መንገዱ ግን መሰኪያዎችን ስለሚያነቃንቅ፣ ከጉዞው በፊት ራምና ኬብል በሚገባ መሰካታቸው ይታይ።

ኮምፒዩተሩ አዲሱን ሥርዓት የማይችል ሲሆን

ምርመራው ተፈጽሞ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ አዲሱ ሥርዓት የማይስማማው ኮምፒዩተር ይኖራል። ለምሳሌ ኮር ቱ ዱዎን የመሰለ አሮጌ ፕሮሰሰር፣ 24ኤች2 የሚፈልገው ፖፕካውንት የተባለ ትእዛዝ ስለሌለው ያ ዕትም ጨርሶ አይነሣበትም። እንዲህ ያለውን በግድ ማስኬድ ከንቱ ድካም ነው።

ያን ጊዜ የሚቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው። ማሻሻያው በቀድሞው ላይ ከተጫነ ገና 10 ቀን ያልሞላው ከሆነ፣ ዊንዶውስ ራሱ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ይፈቅዳል፤ ከ10 ቀን በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ፋይሎች ስለሚሰረዙ ይህ በር ይዘጋል። ሁለተኛው ቀለል ያለ ሊኑክስ መጫን ነው፤ ለጽሑፍ፣ ለስሌትና ለኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሁሉ በዚያ ይገኛል። ሦስተኛው ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ለይቶ በቆየው ሥርዓት ለአንድ ለተወሰነ ሥራ መተው ነው፤ በዚህም ጊዜ ከውጭ የሚገባ ፍላሽ በጥንቃቄ መፈተሽ አለበት።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትነው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ያደርሰናል። ለተበላሸ ኮምፒዩተር ፎርማት የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው ምርመራ አይደለም። በመጀመሪያ ሥራው ይዳን፤ ቀጥሎ ምስክሩ ይመዝገብ፤ ከዚያም ዊንዶውስና ዕቃው በሙከራ ይለያዩ፤ በመጨረሻም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ይህ ሥርዓት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ ፍላሽ፣ አንድ ደብተርና ትዕግሥት ብቻ ይበቁታል።

ተማሪዎች በየላቦራቶሪው ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር እንዲህ ያለ ደብተር ቢያኖሩ፣ መምህራንም የተመዘገበውን በዓመቱ መጨረሻ ቢያዩት፣ በሁለቱ ከተሞች ኮምፒዩተሮቻችንን ይበልጥ የሚጎዳው ራም ይሁን ፓወር ሰፕላይ፣ አቧራ ይሁን መስመር በገዛ መረጃችን እናውቃለን። ያን ጊዜ ግዢውም ጥገናውም በግምት መሆኑ ይቀራል፤ የአንድ ተማሪ የአራት ዓመት ድካምም «አፕግሬዱ አበላሸው» በሚል አንድ ቃል ተጠርጎ አይሄድም።